ሹራብ መጀመሪያ የእግር ነበር

አንድ ጥያቄ እንካችሁ። አዳማ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ጥላውን በሚሄድበት የሚያዝያ እኩለ ቀን፣ "የሚያሞቅ ካልሲ በእጄ መሥራት ልማር ነው" ብትሉ ጓደኞቻችሁ ምን ይሏችኋል? መጀመሪያ ይስቃሉ። ቀጥለው "በዚህ ሙቀት?" ይላሉ።

እስቲ ከመሳቃችን በፊት ካርታውን እንይ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መተሐራ ስትወርዱ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ይሆናል። ወደ ደቡብ፣ ወደ አርሲ ስትወጡ ግን አሰላ 2,400 ሜትር፣ በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ይጠብቋችኋል። አየር በ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፤ በመተሐራና በበቆጂ መካከል 12 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ ማለት ነው። በአንድ ቀን ጉዞ ከሸንኮራ አገዳ አገር ተነስታችሁ ገብስ አገር ትደርሳላችሁ። የደራርቱ ቱሉ፣ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ አገር በቆጂ ላይ ጠዋት ለልምምድ የሚወጣ ልጅ ስለ ካልሲ ጥቅም ትምህርት አያስፈልገውም።

ስለዚህ ጥያቄው የሙቀት ብቻ አይደለም። ብርዱ እዚሁ ቅርባችን ካለ፣ ጥጡም በጉም ካለን፣ ሸማኔዎቻችንም ስመ ጥር ከሆኑ፣ ካልሲ የሚሉትን ነገር ለምን ከውጭ ተቀበልን? መልሱን የምንጀምረው ከአንድ ቃል ነው።

ቃላቱ ምን ይነግሩናል?

"ሹራብ" ስትሉ ምን ይታያችኋል? ከላይ የሚለበስ፣ እጅጌ ያለው፣ ለብርድ የሚሆን ልብስ። አሁን ወደ ግብፅና ወደ ሱዳን ተሻግራችሁ "ሹራብ" በሉ። ሰዎቹ የሚያቀርቡላችሁ ካልሲ ነው! በእነዚህ አገሮች አረብኛ "ሹራብ" ማለት የእግር ልብስ ነው። የመጽሐፍ አረብኛው "ጀውረብ" ይለዋል፤ የቋንቋ አጥኚዎች ሥሩን ወደ ፋርስኛ ይወስዱታል። ይኸው ቃል በቱርክ "ቾራፕ"፣ በሰርቢያ "ቻራፓ"፣ በሮማኒያ "ቾራፕ" እየተባለ እስከ ዛሬ ካልሲን ይጠራል።

እኛ ጋ ሲደርስ ግን ቃሉ ከእግር ወደ ደረት ወጣ። አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ "የእግር ሹራብ" የሚለውን አባባል የሚያስታውሱ አይጠፉም። ለምን "የእግር" የሚል መጨመር አስፈለገ? ምክንያቱም ለአማርኛ ተናጋሪው "ሹራብ" የልብሱ ቅርጽ ስም መሆኑ ቀርቶ የአሠራሩ ስም ሆኖ ነበር። በዚያ መንገድ የተሠራ ሁሉ ሹራብ ነው፤ የደረት ሹራብ፣ የእጅ ሹራብ፣ የእግር ሹራብ።

ከዚያ ሌላ ቃል መጣ፤ "ካልሲ"። ይሄ ከጣልያንኛው "ካልዜ" ነው። የጣልያንኛው ቃል ደግሞ "ካልኬዩስ" ከሚለው የላቲን የጫማ ስም የወጣ ሲሆን፣ የዚያም ሥር "ተረከዝ" ማለት ነው። ይህችን ተረከዝ ያዟት፤ ኋላ ትመለሳለች።

አሁን ሌሎቹን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሸማ፣ ድር፣ ማግ፣ ፈትል፣ እንዝርት፣ ነጠላ፣ ሸማኔ፤ እነዚህ የኖሩ የራሳችን ቃላት ናቸው። ሹራብ ከአረብኛ፣ ካልሲና ካናቴራ ከጣልያንኛ፣ ኪሮሽና ዳንቴል ከፈረንሳይኛ። ልብ አላችሁ? የሽመና ቃላቱ አገርኛ ናቸው፤ ክርን በቀለበት በቀለበት እያያያዙ የመሥራት ቃላት ግን ሁሉም እንግዳ ናቸው። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። ሁለት የተለያዩ ጥበቦች በሁለት የተለያዩ መንገዶች እንደደረሱን የሚመሰክር ነው።

ሸማና ሹራብ በምን ይለያሉ?

የለበሳችሁትን ካናቴራ ጫፉን ይዛችሁ ሳቡት። ይለጠጣል፤ ስትለቁት ይመለሳል። ነጠላን ግን በድሩ አቅጣጫ ብትስቡት እምብዛም አይለጠጥም። ለምን?

በሽመና ድሩ ቀጥ ብሎ ይወጠራል፤ ማጉ በመወርወሪያ ከላይና ከታች እያለፈ ያቋርጠዋል። ክሮቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ለመለጠጥ ትርፍ ርዝመት የላቸውም። በሹራብ ግን ክሩ አንድ ነው። ያ አንድ ክር ቀለበት ይሠራል፤ ቀጣዩ ቀለበት በፊተኛው ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፤ ሌላው ደግሞ በእሱ ውስጥ። ስትስቡት ክሩ ራሱ አይረዝምም፤ የሚለወጠው የቀለበቱ ቅርጽ ነው፤ ክቡ ይሞላላል። ስትለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል።

እግር ደግሞ አስቸጋሪ ቅርጽ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀጥናል፣ ተረከዝ ላይ ይታጠፋል፣ መሐሉ ይሰፋል፣ ጣቶቹ ላይ ያልቃል። በዚያ ላይ በየእርምጃው ይተጣጠፋል። ከሸማ ካልሲ ለመሥራት መቁረጥና መስፋት ያስፈልጋል፤ ስፌቱም ጫማ ውስጥ እግር ይልጣል። ቀለበት ግን እንደ እግሩ ይሆናል።

ታዲያ አባቶቻችን ይህን ስላላወቁ ነው? አይደለም። የአገራችን ልብስ በአብዛኛው የሚጣፋ፣ የሚደረብና የሚከናነቡት ነው፤ ሰውነት ላይ ተጣብቆ እንዲቀመጥ አይፈለግም። ካልሲ ደግሞ ጫማ ይፈልጋል። ከመቶ ዓመት በፊት ከባለጸጋ እስከ ድሃ ብዙው ሰው በባዶ እግሩ በሚሄድበት አገር፣ የካልሲ ጥበብ ቢኖርስ ማን ይፈልገው ነበር?

የአንድ ግብፃዊ ሕፃን ግራ እግር

በለንደኑ የብሪትሽ ሙዚየም አንዲት የሕፃን ካልሲ አለች። የግራ እግር ናት። በ1913 እና 1914 (እ.ኤ.አ.) ግብፅ ውስጥ አንቲኖፖሊስ በተባለች ጥንታዊ ከተማ ከቆሻሻ መጣያ ተቆፍራ ወጣች። ዕድሜዋ 1,700 ዓመት ገደማ ነው። ካልሲዋን የለበሰው ልጅ ከኖረ ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በኋላ አክሱም ላይ ንጉሥ ኢዛና ነገሠ።

በ2018 ተመራማሪዎች ይህችን ካልሲ ክሯን ሳይበጥሱ በልዩ ልዩ የብርሃን ዓይነቶች ፎቶ አነሷት። በካልሲዋ ላይ የሚታዩት ባለብዙ ቀለም መስመሮች የተገኙት ከሦስት ዕፅዋት ብቻ ነበር፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ። አንዱን ቀለም በሌላው ላይ እየደራረቡ ሌሎቹን አወጡ። ለሕፃን ካልሲ ይህን ያህል ድካም! አውራ ጣቷ ለብቻ ስለተሠራች በነጠላ ጫማ ትለበስ እንደነበር እናውቃለን።

ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያቺ ካልሲ የተሠራችው በዛሬው የሹራብ አሠራር አይደለም። ዓይን ባለው አንድ መርፌ፣ አጫጭር ክር እየቀጣጠሉ፣ እያንዳንዱን ቀለበት በመቋጨት ነው። በሁለት ወይም በአምስት ዘንግ፣ ከማያልቅ ክር የሚሠራው እውነተኛው ሹራብ የመጣው ቆይቶ ነው። ከታወቁት ጥንታዊ ናሙናዎች ውስጥም ከ1,000 እስከ 1,300 ባለው ጊዜ ግብፅ ውስጥ የተሠሩ ሰማያዊና ነጭ የጥጥ ቁርጥራጮች ይገኛሉ። ምን እንደሆኑ ገምቱ። ካልሲዎች ናቸው! "ሹራብ" የሚለው ስም ከእግር መጀመሩ እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም።

የመርፌውን አሠራር ስታስቡ የእናቶቻችንን ስፌት አስታውሱ። መሶብና ሌማት የሚሰፉት በወስፌ ነው። ከመሐል ይጀመራል፣ እየዞረ ይሰፋል፣ ሲያስፈልግ እየጠበበ ይወጣል። ካልሲም እንዲሁ እየዞረ የሚሠራ ቅርጽ ነው። ስፌት የሚያውቅ ሰው ግማሹን ሒሳብ ያውቀዋል፤ ስንደዶውን በክር ይተካ እንጂ።

በጉ፣ ጥጡና ባቡሩ

የሚያሞቅ ካልሲ ሱፍ ይወዳል። የሱፍ ጭራ ጥምዝምዝ ስለሆነ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ሙቀት የሚጠብቀው ያ አየር ነው። በዚያ ላይ ሱፍ የክብደቱን 30 ከመቶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ እንደ ጥጥ ቀዝቃዛ አይሆንም። ታዲያ ይህ ሁሉ በግ እያለን?

እዚህ ጋ የእንስሳት ሳይንስ ይገባል። ከአገራችን በጎች ብዙዎቹ አጭር ጠጉር ያላቸው እንጂ እንደ አውስትራሊያዎቹ ሜሪኖዎች ለሱፍ የተዳቀሉ አይደሉም። ለዚህም ነው ሞጆ ላይ በግ ሲነሳ ቀድሞ ቆዳው የሚታሰበው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ ስለሆነ በዓለም ገበያ ለእጅ ጓንት ይፈለጋል። ጠጉር የሚሰጠው የመንዝ በግ ነው፤ የእሱም ጠጉር ሸካራ ነው። መንዞች ፈትለው ባናና ዝተት ሠርተውበታል፤ ይሄ ብርድን ድል የነሳ ጥበብ ነው። ግን አሁንም ሽመና ነው፤ ድርና ማግ።

ጥጡስ? የኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ ራሱ በኑብያ ዘመቻው ስለጠፋ የእህልና የጥጥ ክምችት ይናገራል። በእኛ ሰፈር ደግሞ ቆቃ ግድብ በ1960 ከተመረቀ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ አዋሽን ተከትሎ ወደ ታች ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ።

የተዘጋጀው ልብስ ግን በሌላ መንገድ ገባ፤ በባቡር። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። አዳማ በዚህ መስመር ላይ ጣቢያ ሆነች፤ ኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፣ በ2000 ደግሞ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች። በዚያ ሐዲድ አቡጀዲው፣ ክሩ፣ ጫማው መጣ። ከ1936 እስከ 1941 የዘለቀው የጣልያን ወረራና ከኤርትራ ጋር የነበረው ግንኙነት ደግሞ መኪና፣ ፋብሪካ፣ ጎሚስታ፣ ካናቴራና ካልሲ የሚሉትን ቃላት አጠናከረ። ጫማው ሲመጣ ካልሲው ተከተለ፤ ካልሲው ሲመጣ ስሙን ይዞ መጣ።

ሸለቆውን ይዘን ወደ ደቡብ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ወግ አለ። ሻሸመኔ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለውጭ አገር ጥቁሮች በሰጡት መሬት የሰፈሩት ራስ ተፈሪያውያን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የክር ቆባቸውን ይዘው መጡ። ያም ያው ቀለበት በቀለበት ነው፤ ከእግር ተነስቶ ራስ ላይ የደረሰ።

ማሽኑና ሰው

በ1589 እንግሊዝ ውስጥ ዊሊያም ሊ የተባለ የገጠር ቄስ ካልሲ የሚሠራ ማሽን ፈለሰፈ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት የፈጠራ መብት እንደከለከለችውና ምክንያቷም በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ድሆች እንዳይራቡ መስጋቷ እንደነበር ይተረካል። ሊ ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ ሳይሳካለት እዚያው ሞተ። ማሽኑ ግን አልሞተም። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1811፣ በዚያው በሊ አገር በኖቲንግሃም አካባቢ ደመወዛቸው ያሽቆለቆለባቸው የካልሲ ሠራተኞች ማሽኖቹን በመዶሻ ሰባበሩ። በታሪክ "ሉዳይቶች" የሚባሉት እነሱ ናቸው። ብዙ ሰው ቴክኖሎጂ ጠል አድርጎ ይስላቸዋል፤ እነሱ ግን ማሽን የሚያውቁ ባለሙያዎች ነበሩ። ጥያቄያቸው "ትርፉ ለማን ነው?" የሚል ነበር።

ጥያቄው ሩቅ እንዳይመስላችሁ። አዳማ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2018 ተመርቋል፤ በሐዋሳም ከዚያ ቀደም ብሎ በ2016። በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ልብስ የመላክ ዕድሏን ስታጣ፣ የልብስ ስፌት ሥራ በአንድ ውሳኔ ምን ያህል እንደሚናወጥ ታየ። ከ1811 እስከ 2022 ጥያቄው ያው ነው።

ባዶ እግር ዋጋ ያስከፍላል

አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማራቶንን አሸነፈ። ይህን የማያውቅ የለም። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ሮጠ፤ ያኔም አሸነፈ፣ ያውም በተሻለ ሰዓት። የሮሙ ሥዕል በየግድግዳው ተሰቀለ፤ የቶኪዮው ካልሲ ተረሳ።

ባዶ እግር ለሁሉም ሰው የጀግንነት ወግ አልሆነም። ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታና ብዙ ዝናብ ባላቸው፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈር በሞላባቸው አካባቢዎች ዝሆኔ የሚባል በሽታ አለ። አንደኛው ዓይነት ከትንኝ የሚመጣ አይደለም። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ከአፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ማዕድናት በቆዳ አልፈው የሊንፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ፤ እግር ያብጣል። ይህን ያረጋገጠው በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ለበሽታው የሰጠው ስም "ፖዶኮኒዮሲስ" ከግሪክኛ "እግር" እና "አቧራ" ከሚሉት ቃላት የተሠራ ነው። በአገራችን አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው እንደያዘ ተገምቷል።

በሽታው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ሆኖም ታማሚዎች ከትምህርት ቤት፣ ከጋብቻ፣ ከማኅበር ተገልለዋል። መከላከያው ደግሞ ቀላል ነው፤ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ የተሸፈነ ጫማና ካልሲ ማድረግ። የታመመ እግርም በየቀኑ ቢታጠብ፣ ቅባት ቢቀባ፣ በካልሲና በጫማ ቢጠበቅ ይሻለዋል። ካልሲ ብቻውን ጫማን አይተካም። ግን አንድ ጥንድ ካልሲ የቅንጦት ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

እናንተ ብትጀምሩስ?

ክር ከየት? ከሰልባጅ ተራ። ያረጀ የሱፍ ሹራብ ግዙና ተርትሩት። ይህ አዲስ ብልሃት አይደለም፤ የጥንት ሸማኔዎቻችንም ባለቀለም የውጭ ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን ለጥለት ያውሉት ነበር። ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ከትልቅ ሰው ጋር ሆናችሁ ትንሽ ክር አቃጥሉ። እንደ ጠጉር ከሸተተና አመዱ በእጅ ከደቀቀ ሱፍ ነው፤ ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ከሆነ አክሪሊክ፣ ማለትም ፕላስቲክ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። እግራችሁን ሰፊው ቦታ ላይ ለኩ፤ 22 ሴንቲሜትር ሆነ እንበል። ትንሽ ናሙና ሠርታችሁ በ10 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ ቁጠሩ። 20 ከሆነ በአንድ ሴንቲሜትር ሁለት ነው፤ ስለዚህ 44 ቀለበት ይደርሳችኋል። ካልሲ ተለጥጦ ካልያዘ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ አንድ አሥረኛውን ቀንሱና ለአራት በሚካፈል ቁጥር አቁሙት፤ 40። በአራት ዘንግ ላይ አሥር አሥር አድርጉ፤ በአምስተኛው እየዞራችሁ ሥሩ። አፉ ላይ ሁለት ቀለበት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ እያፈራረቃችሁ ብትሠሩ እንደ ላስቲክ ይይዛል።

ከዚያ ተረከዝ ትመጣለች፤ ያቺ "ያዟት" ያልኳችሁ። ግማሾቹን 20 ቀለበቶች ብቻ ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ በመመላለስ ትንሽ አራት ማዕዘን ትሠራላችሁ። ቀጥሎ መሐሉ ላይ እየቀነሳችሁ ታጥፏታላችሁ፤ ከጎንና ጎኗ ቀለበት ለቅማችሁ ክቡን ትዘጋላችሁ፤ ከዚያም እየቀነሳችሁ ወደ 40 ትመለሳላችሁ። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ይደናገራል። ከባድ መስሎ ከታያችሁ የመጀመሪያውን ጥንድ ያለ ተረከዝ፣ እንደ ቱቦ ሥሩት፤ ለአልጋ ይሆናል። ጣቶቹ ላይ ስትደርሱ እየቀነሳችሁ ዝጉ።

አንዱ ሲያልቅ ሁለተኛው እንዳለ አትርሱ። ግብፃዊቷ ካልሲ እንኳ ጓደኛዋ ጠፍታ ለብቻዋ ነው ሙዚየም የገባችው።

ሠርታችሁ ስትጨርሱም ለአሰላ ወይም ለበቆጂ ዘመድ ላኩት። ሲደርሳቸው ምን ብለው እንደሚጠሩት አድምጡ፤ "ካልሲ" ካሉ የባቡሩንና የጣልያኑን ዘመን ነገሯችሁ፤ "የእግር ሹራብ" ካሉ ደግሞ ግብፅ ድረስ ወሰዷችሁ።